ሃያን የተወው ሰው

የቁጥር ቅናሽን ያስተማረኝ የሠራተኞች ክበብ ግድግዳ ነው። አምስት መቶ አንድ ሲቀነስ አርባ አንድ፣ አራት መቶ ስልሳ። አራት መቶ ስልሳ ሲቀነስ ሃያ ስድስት፣ አራት መቶ ሠላሳ አራት… እሑድ ከሰዓት በኋላ የለስላሳ ሣጥን ገልብጬ እላዩ ላይ እወጣና፣ በቀኝ እጄ ጠመኔ በግራ እጄ እርጥብ ጨርቅ ይዤ፣ ለአባቴ ታናሽ ወንድምና ለጓደኞቻቸው የዳርት ነጥብ እመዘግብ ነበር። አሥር ዓመቴ ነው። ለድካሜ የሚከፈለኝ አንድ ሚሪንዳ ነበረች፤ የተሳሳትኩ ቀን ግን እሷም ትቀራለች።

ክበቡ በአዋሽ ዳር ከሚገኙት የስኳር እርሻዎች በአንዱ ውስጥ፣ ያን ጊዜ ናዝሬት ብቻ ብለን ከምንጠራት ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ በረንዳው ሰፊ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነበር። ዳርት በአገራችን የብዙኃን ጨዋታ ሆኖ አያውቅም። ይሁን እንጂ ፋብሪካና የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ስፍራ አይጠፋም፤ ኢሠማኮ በሚያዘጋጃቸው የሠራተኞች ውድድሮችም ከእግር ኳሱና ከገመድ ጉተታው ራቅ ብሎ፣ ከዳማው አጠገብ፣ ለእርሱም ጥግ ይሰጠዋል። የእኛው ሰሌዳ ከቃጫ የተሠራ ነበር። ጥሩ የዳርት ሰሌዳ ሁሉ እንዲያ ነው፤ የቃጫው ጭረት ተጠጋግቶና ተጨምቆ ስለሚቆም ፍላጻው በመካከል ይሰካል እንጂ አይቆርጠውም፤ ሲነቀልም ቀዳዳው መልሶ ይገጥማል። የሸለቆው ሙቀት ግን ሰሌዳውን አደረቀው። አንድ ደግ ዘበኛ ያዘነለት መስሎት ሌሊት በባልዲ ውሃ ሲያርሰው አደረ። በማግስቱ ሰሌዳው መሐሉ እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ ተገኘ። እኛም ለሁለት ዓመት ያህል ባበጠ ሰሌዳ ላይ ተጫወትን።

አጎቴን ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እዚህም ጋሼ ብቻ ይሁኑልኝ። ከከምባታ የመጡት በ1963 ዓ.ም. በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው። አገዳ ቆራጭ ሆነው ገብተው፣ ቀስ በቀስ ወርክሾፕ ተዛውረው በያጅ ሆኑ። ዳርት የመጀመሪያ ፍቅራቸው አልነበረም፤ የከረንቡላ ሰው ነበሩ። ከረንቡላ ደግሞ ማጎንበስን ይጠይቃል፤ ጋሼ ደግሞ ከዕለታት አንድ ቀን ማጎንበስ አቃታቸው።

የስምጥ ሸለቆን ውሃ የጠጣ ያውቀዋል። እኛ እዚያ የተወለድን ልጆች ስንስቅ አፋችንን በእጃችን እንከልላለን፤ ጥርሳችን ቡናማ ነውና። እሳተ ገሞራ ከጣላቸው ዐለቶች መካከል የሚወጣው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ ግን መጠኑ ከዚያ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይገኛል። ጥርስ የሚበላሸው በሕፃንነት፣ ገና ሲሠራ ነው። ስለዚህ እንደ ጋሼ አድገው የመጡት ሰዎች ጥርሳቸው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይኖራል። እነርሱን ውሃው የሚያገኛቸው ከዓመታት በኋላ፣ በአጥንታቸው በኩል ነው። አንገት ይደርቃል፣ ጀርባ ይገተራል፣ ትከሻ ይታሰራል።

ጋሼ መጀመሪያ ያወቁት በሥራ ላይ ነው። በያጅ ሁለቱም እጆቹ ስለሚያዙ ጭምብሉን ዐይኑ ላይ የሚያወርደው አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ነው። አንድ ቀን ነቀነቁ፤ ጭምብሉ አልወረደም። ሶደሬ ወርደው በፍል ውሃው ሳምንት ሙሉ ተዘፈዘፉ። ሲመለሱ ቆዳቸው ጠራ፤ አንገታቸው ያው ነበር። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ፤ የከረንቡላውንም ዘንግ ለሌላ ሰጥተው ወደ ክበቡ ጥግ ሄዱ። የዳርት ሰሌዳ መሐሉ ከወለሉ 1 ሜትር ከ73 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ወርዋሪው 2 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዐይን ለዐይን የሚተያዩበት ጨዋታ ነው። አንገት አያስደፋም።

እንግዲህ ስለ ጨዋታው። ዋነኛው አምስት መቶ አንድ ይባላል። ሁለቱም ከ501 ይነሣሉ፤ በየተራቸው ሦስት ሦስት ፍላጻ እየወረወሩ ያገኙትን ይቀንሳሉ፤ ቀድሞ ዜሮ የገባ ያሸንፋል። የመጨረሻው ፍላጻ ግን ደብል በሚባለው የውጭኛው ቀጭን ቀለበት ላይ ማረፍ አለበት። ከሚፈለገው በላይ ከቀነስክ፣ ወይም አንድ ብቻ ከቀረህ፣ ያ ተራ እንዳልነበረ ይሰረዛል። በውስጠኛው ቀለበት፣ በትሪፕሉ ላይ ያረፈ ፍላጻ ቁጥሩ በሦስት ይባዛለታል። ከፍተኛው ቁጥር 20 በመሆኑም ጀማሪ ሁሉ የሚወረውረው ወደ 20 ነው፤ ወደ ሰማይ፣ ወደ ሰሌዳው ራስ።

«ይህን ሰሌዳ የደረደረው ሰው ክፉ ነው» ይሉ ነበር ጋሼ። «ትልቁን ቁጥር ከላይ አስቀመጠና ግራና ቀኙን በድሆች አጠረው።» ከ20 በስተግራ 5፣ በስተቀኝ 1 ነው ያለው። ወደ 20 አልሞ አንዱን የመታ፣ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ የሳተ ሰው 26 ያገኛል። እኔ በጠመኔዬ ከሁሉ ቁጥር አብልጬ የጻፍኩት 26ን ነው። ወጣቶቹ ትከሻቸውን ነፍተው ይወረውራሉ፤ እኔ «ሃያ ስድስት!» ብዬ እጮኻለሁ፤ ክበቡ ይስቃል።

አንድ እሑድ ጋሼ ጠመኔውን ተቀበሉኝና ግድግዳው ላይ መደመር ጀመሩ። ሰሌዳውን ከ20 እስከ 3 ባለው መስመር ለሁለት ከፈሉት። በስተግራ ያሉት ዘጠኝ ቁጥሮች፣ 5፣ 12፣ 9፣ 14፣ 11፣ 8፣ 16፣ 7 እና 19፣ ሲደመሩ 101 ሆኑ። በስተቀኝ ያሉት ዘጠኙ ደግሞ 86። ጠመኔውን መለሱልኝ። «እጅሽን የማታምኚው ከሆነ በስተግራ ተሳሳቺ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የሚወረውሩት ወደ 19 ነበር። 19 ከታች በስተግራ ነው፤ ጎረቤቶቹ 7 እና 3 ናቸው። እነዚህም ሀብታሞች አይደሉም፤ ከ5 እና ከ1 ግን ይሻላሉ። ትከሻቸው እየታሰረ ሲሄድ ደግሞ ወደ 16 ዞር አሉ፤ እዚያ ጎረቤቶቹ 7 እና 8 ናቸው። ከትሪፕል 20 እስከ ትሪፕል 19 ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ያህል ነው። እጁን ወደ ላይ ማንሣት ለከበደው ሰው አንድ ስንዝር ብዙ ነው። ይህን ያኔ አላስተዋልኩም፤ አሥር ዓመት የሞላት ልጅ የምታየው የሰውን ቁጥር እንጂ የሰውን ትከሻ አይደለም።

ጋሼ ስለ ጎረቤት ያላቸው እምነት ከዳርት በፊት የመጣ ነው። በወጣትነታቸው ናዝሬት ላይ በጥምቀት ሎሚ ወርውረው ነበር፤ እንደ ወጉ፣ ለወደዷት ልጅ። ሎሚዋ አጠገቧ የቆመችውን መታች። የተመታችው ልጅ ሎሚዋን አንሥታ ጠበቀቻቸው፤ አገቧት። እትዬ ናቸው። ይህን ታሪክ በዳርት ጨዋታ መሐል ሲያወሩ እትዬ ቡናውን እየቀዱ «አሁንም ቢሆን መች አልመው ያውቃሉ!» ይላሉ። ጋሼ ደግሞ፣ «ለዚህ ነው እኮ ጎረቤቱን አይቼ የምወረውረው!»

የአጨራረስ ትምህርታቸው ግን የእውነት ትምህርት ነበር። መቶ ሰባ ከቀረህ በሦስት ፍላጻ መጨረስ ይቻላል፤ ሁለት ትሪፕል 20 እና መሐሉን ቡል መምታት ነው፤ ከዚያ በላይ ካለ ቁጥር በአንድ ተራ መጨረስ አይቻልም። በእኛ ክበብ 170ን የጨረሰ አላየሁም። የእኛ ጌጥ 32 ነበረች። «ሠላሳ ሁለትን አስቀሪ» ይሉኝ ነበር፤ በልምምድ ሰዓት እንድወረውር ሲፈቅዱልኝ። 32 የቀረው ሰው ደብል 16ን ያልማል። ወደ ውስጥ ቢስት ነጠላ 16 ያገኛል፤ 16 ይቀረዋል፤ ይኸውም ደብል 8 ነው። እሱንም ወደ ውስጥ ቢስት 8 ይቀረዋል፤ ደብል 4። ከዚያ ደብል 2፤ ከዚያ ደብል 1። አራት ጊዜ ተሳስተህም መንገድህ አይዘጋም። 40 ያስቀረ ሰው ግን በሁለት ስሕተት 10 ላይ ይደርሳል፤ በሦስተኛው 5 ላይ ይጣላል፤ 5 ደግሞ ጎዶሎ ነው፤ ደብል የለውም፤ አንድ ፍላጻ ማባከን የግድ ይሆናል። ሰው ሁሉ 40ን የሚወደው ቁጥሩ ክብ ስለሆነ ብቻ ይመስለኛል።

ሌሎችም ጨዋታዎች ነበሩ። ከ1 እስከ 20 በተራ መምታት ለልምምድ ይጠቅማል፤ ብልሃት ግን የለበትም። ገዳይ የሚባለውን ስድስት ሰባት ሆነው ይጫወቱታል። እያንዳንዱ በግራ እጁ ወርውሮ ቁጥሩን ያገኛል፤ ሦስት ነፍስ ይሰጠዋል፤ የራሱን ቁጥር ደብል የመታ ገዳይ ይሆንና የሌሎቹን ደብል እየመታ ነፍሳቸውን ይወስዳል። «ገዳይ» የሚለው ቃል አማርኛ በሚሰማ ጆሮ ላይ ምን እንደሚያስከትል ታውቁታላችሁ፤ ፉከራው ይጀመራል፣ ወንበር ይገፋል፣ የሚዘልም አይጠፋ። ጋሼ በዚህ ጨዋታ ሁልጊዜ ዘግይተው ነው ገዳይ የሚሆኑት። ቀድሞ የፎከረውን ሌሎቹ ተባብረው ይጨርሱታል፤ እርሳቸው ጥግ ይዘው ቡናቸውን ይጠጣሉ።

ክሪኬት የሚባለውን ውጭ አገር የተማረ አንድ መሐንዲስ አምጥቶልን ነበር። ከ15 እስከ 20 ያሉትንና ቡሉን እያንዳንዳቸውን ሦስት ሦስት ጊዜ መትቶ መዝጋት ነው። አንተ ዘግተኸው ባላጋራህ ያልዘጋው ቁጥር፣ እርሱ እስኪዘጋው ድረስ ነጥብ ያስገኝልሃል። ወጣቶቹ የራሳቸውን ቁጥሮች ለመዝጋት ይቸኩላሉ። ጋሼ አንዱን ዘግተው ከእርሱ ላይ ትንሽ ነጥብ ሳይለቅሙ ወደሚቀጥለው አይሄዱም። ባላጋራው ከኋላ ሆኖ ሲሯሯጥ እርሳቸው የሚመርጡት እነርሱ የፈለጉትን ቁጥር ነው። ይህን ጨዋታ አልወደድኩትም፤ ቅናሽ የለበትማ።

ግድግዳው ስለሚጠፋ ደብተር ያዝኩ። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የእያንዳንዱን ሰው ተራ፣ ሦስቱንም ፍላጻ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም። ሰባት ዓመት ሙሉ ጻፍኩ፤ ደብተሮቹ አራት ሆኑ። በ1996 ዓ.ም. የመሰናዶ ተማሪ ሳለሁ፣ ናዝሬት ላይ የፋብሪካዎች ውድድር ሊደረግ ነው ተባለ። የቡድኑ መራጭ የደብተሮቹን ወሬ ሰምቶ ቤታችን መጣ። «ጋሼሽ አሁን እንዴት ናቸው? ደብተሩ ምን ይላል?» አለኝ።

ደብተሩ ምን ይላል! እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከዚያች ቀን አልነበረም። ሌሊቱን በፋኖስ ተቀምጬ ቆጠርኩ። ጥያቄው ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ጎበዝ ማለት 20ን የሚመታ ነው። ጋሼ በየዓመቱ ስንት ጊዜ 20 ላይ እንዳሳረፉ ቆጥሬ፣ በትምህርት ቤት እንደተማርነው፣ በአራት ማዕዘን ወረቀት ላይ በዓምድ ሣልኩት። ዓምዶቹ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ደረጃ ይወርዳሉ። የመጨረሻው ዓምድ ከመስመሩ ብዙም ከፍ አላለም። ውብ ሥዕል ነበር። በቀይ እስክርቢቶ ርእስ ጻፍኩለትና ሰጠሁት።

ከሦስት ቀን በኋላ ስም ዝርዝሩ ክበቡ በር ላይ ተለጠፈ። የጋሼ ስም አልነበረበትም። በእርሳቸው ቦታ ከወርክሾፑ አንድ ወጣት ገባ፤ ሁልጊዜ ወደ 20 የሚወረውር፣ ሲያገኘው ክበቡን የሚያስጮህ።

ጋሼ በአውቶቡሱ አብረውን ወደ ናዝሬት ሄዱ፤ እንደ ደጋፊ። ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ አንገታቸው ስለማይዞር ከኋላ የሚያወራቸውን ሰው ለማየት ወገባቸውን ይዘው መላ ሰውነታቸውን ማዞር ነበረባቸው። ልጁ ወረወረ። ሃያ ስድስት። አርባ አንድ። ሃያ ስድስት። ሰባት። ባላጋራው ድንቅ ተጫዋች አልነበረም፤ ዝግ ብሎ ቀነሰ፣ ጨረሰ። በመመለሻችን ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም ጋሼ «ልጁ እጁ ጥሩ ነው፤ ይማራል» አሉ። ስለ ሥዕሌ ሰምተው እንደነበር አላወቅኩም። ልጠይቃቸውም አልደፈርኩም። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ደብተሮቹ ሳንዱቅ ውስጥ ቀሩ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሪያን ቲብሺራኒ፣ አንድሪው ፕራይስና ጆናታን ቴይለር የተባሉ ሦስት የስታቲስቲክስ ሰዎች ስለ ዳርት አንድ ጥናት አሳትመዋል፤ በእንግሊዝ የንጉሣዊው የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ። እኔ ያገኘሁት ከታተመ ከዓመታት በኋላ፣ ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። ጥያቄያቸው የክበባችን ጥያቄ ነበር፤ እጁ የዚህን ያህል የሚስት ሰው ብዙ ነጥብ እንዲያገኝ ወዴት ያልም? መልሳቸው በሰሌዳ ላይ የተሣለ አንድ መንገድ ነው። እጁ እንደ መርፌ ለሆነ ሰው ትሪፕል 20። ስሕተቱ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ ግን የተሻለው ዒላማ ድንገት ወደ ታች ዘልሎ ትሪፕል 19 ላይ ያርፋል። ከዚያም ስሕተቱ በጨመረ መጠን ወደ ግራ እየታጠፈ ወደ መሐል ይወጣና፣ በመጨረሻ ከቡሉ በስተግራ ዝቅ ብሎ ይቆማል።

ይህን መንገድ ሳየው ዐወቅኩት። የጋሼ መንገድ ነው። ከላይ ወደ 19፣ ከ19 ወደ 16፣ ከዚያም በ16 እና በ8 መካከል ወደ ቡሉ ጠጋ ብሎ። እኔ ጋ በአራት ደብተር ተጽፎ ነበር።

ለበዓል አዳማ ስሄድ ሳንዱቁን ከፈትኩት። አይጥ አንዱን ደብተር ጥጉን በልታዋለች፤ ሌሎቹ ደኅና ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ፤ በዚህ ጊዜ የ20ዎቹን ብዛት ትቼ የእያንዳንዱን ተራ ድምር። በ1989 ዓ.ም. ጋሼ በአንድ ተራ በአማካይ 43 ነጥብ ያገኙ ነበር። በ1996 ዓ.ም.፣ ትከሻቸው ታስሮ፣ አንገታቸው ደርቆ፣ 20ን ፈጽሞ ትተው፣ 40። በቦታቸው የገባው ወጣት በዚያው ዓመት 35። እኔ የቆጠርኩት ሌላ፣ የተጠየቅኩት ሌላ። ያንን ሥዕል ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። አንዲት ስሕተት የለበትም፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ነበሩ።

ጋሼ አሁን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከጡረታ በኋላ አዳማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ግቢው ውስጥ አንድ ሰሌዳ አሰቅለዋል፤ ከደንቡ ወረድ ብሎ፣ ከደረታቸው ትይዩ። ባለፈው ስሄድ በስልኬ የዓለም ሻምፒዮናውን አሳየኋቸው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በ17 ዓመቱ ዋንጫውን ያነሣውን ሉክ ሊትለርን። ትሪፕል 20 ላይ ፍላጻ በፍላጻ ላይ ሲከምር ዝም ብለው አዩ። የመጀመሪያው ፍላጻ መንገዱን ሲዘጋበት ልጁ ወደ 19 ወረደ። ጋሼ በጣታቸው ስልኩን ነካ ነካ አደረጉ። «ይኸው» አሉ፤ «ይህም ልጅ ሲቸግረው ወደ እኔ ሰፈር ይመጣል።»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ስለ ጥናቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ደብተሮቹ፤ ከዚያም ስለ ሥዕሉ። ለመናገር ያሰብኩት ረጅም ነበር፤ ያወጣሁት አጭር ሆነ።

«አውቃለሁ» አሉ። «መራጩ አሳይቶኛል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ድምሩን ቁጠሩ አይሉትም ነበር?»

ወደ እኔ ለመዞር ወገባቸውን አዞሩ። «ምን ልበል? ሃያ መምታት ትቼ ነበራ፤ ሥዕልሽ እውነት ነው። ደግሞ ያማረ ነበር፤ በቀይ ርእስ የጻፍሽበት።» ትንሽ ዝም አሉ። «ለሁለት ሳምንት ያህል ግን አናዶኝ ነበር። እትዬሽን ጠይቂያት።»

እትዬ ከውስጥ ሆነው፣ «ለሁለት ወር!» አሉ።

ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ፤ ፍላጻዎቹን ሰጠኋቸው። ከየት እንደምንጀምር ሳልጠይቃቸው «ሠላሳ ሁለት ቀርቶኛል እንበል» አሉ። ትከሻቸው እስከ ደረታቸው ብቻ ይነሣል፤ ከዚያ በእጅ አንጓ ነው። የመጀመሪያው ወደ ውስጥ ሳተና ነጠላ 16 ላይ ተሰካ። ሁለተኛው ነጠላ 8 ላይ። ሦስተኛው ወደ ቀኝ ላይኛው ጥግ መሄድ ነበረበት፤ እዚያ እጃቸው አልደረሰም፤ ግድግዳውን መታና ወደቀ።

«ስንት ቀረ?» አሉኝ።

«ስምንት።»

«ተራሽ ነው» አሉ፤ ወንበራቸውን ጎትተው እየተቀመጡ።